ድሮይድፊሽ ከነስቶክፊሹ፦ ሩቅ ያለ ሜት ሲፈልግ ምን ያህል ይታመናል?

ስልኬ ላይ ካሉት አፖች አንዱን ብቻ አስቀሪ ብባል ድሮይድፊሽን ነው የማስቀረው። የቼዝ አፕ ነው። ለአንድሮይድ የተሠራ፣ በነፃ የሚወርድ፣ ማስታወቂያ የማይደቅንባችሁ። አፑን የሠራው ፒተር ኦስተርሉንድ ይባላል። ውስጡ ሆኖ የሚያስበው ግን ስቶክፊሽ ነው። ስቶክፊሽ በ2008 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለ፣ እስካሁንም በበጎ ፈቃደኞች የሚሻሻል የቼዝ ኢንጂን ነው።

ከእሱ ጋር ስለመጫወት አይደለም የምጽፈው። ማንም አያሸንፈውም፣ እሱ ያለቀለት ነገር ነው። እኔ የማየው ሜት፣ ማለትም የተጠቃው ንጉሥ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያልቅበትን፣ ሲፈልግ ነው። አንድ ፖዚሽን፣ ማለትም የጠጠሮች አቀማመጥ፣ ሰጥቼው "ነጭ ተጫውቶ፣ ጥቁር ምንም ቢያደርግ የማያመልጥበት መንገድ አለ ወይ?" ብዬ ስጠይቀው መልሱን ልመነው ወይ?

ድምዳሜዬን ላስቀድም። "ሜት አለ" ብሎ ከነገራችሁ እመኑት። በስንት እርምጃ እንደሆነ የሚሰጣችሁን ቁጥር ግን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት። ዝም ካለ ደግሞ ሜት የለም ማለት አይደለም፤ ገና ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ተረኛ ስንሆን ሌሊቱን ክፍት ነን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው ይቀንሳል፤ የጦሳ ብርድ ብቻ ነው በበሩ ስር የሚገባው። የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የቼዝ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ሩክ ስለጠፋ በቦታው የሽሮፕ ክዳን አቁመናል። ውትድርና ላይ እያሉ ነው ቼዝ የተማሩት። ሲያሰሉ አይቸኩሉም። ሲጨርሱ "ይኸውልሽ ልጄ፣ አሁን መሄጃ የለውም" ይላሉ። እኔ ደግሞ "ጋሼ፣ ይቺን ፈረስ አላዩዋትም" እላለሁ። እንዲህ ስንከራከር ዳኛው ስልኩ ነው።

ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ሁሉም ነገር ስልኩ ላይ ነው፤ ዳታ አይበላም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ የዶላር ካርድ አይጠይቅም። ወሎ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መብራትም ኮኔክሽንም ሄዶ ባትሪ እስካለ ድረስ ክርክራችን አይቋረጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማሽኑ ሜት የሚያገኘው እንዴት ነው?

ሜት መፈለግ ከተራ ጨዋታ የሚለየው አንድ ነገር አለው። አጥቂው በየተራው አንድ ጥሩ እርምጃ ካገኘ ይበቃዋል። የተከላካዩ ግን እያንዳንዷ መልስ መታየት አለባት። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ሜት የለም። በቼዝ በአንድ ፖዚሽን በአማካይ 35 ያህል የተፈቀዱ እርምጃዎች አሉ። "በ5 ሜት" ማለት አጥቂው 5፣ ተከላካዩ 4 ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ በድምሩ 9። ሁሉንም ላይ ብትሉ ዘጠኝ 35ቶችን እርስ በርስ ማባዛት ነው። ወደ 79 ትሪሊዮን ይመጣል።

ይህን የሚያቃልል አልፋ ቤታ የሚባል ዘዴ አለ። አንድ እርምጃ መጥፎ መሆኑን አንድ መልስ ካሳየኝ፣ ሌሎቹን መልሶች ማየት ምን ያደርግልኛል? እተወዋለሁ። እርምጃዎቹ ጥሩው ቀድሞ እንዲታይ ከተደረደሩ ያ 79 ትሪሊዮን ወደ 54 ሚሊዮን ሊወርድ ይችላል። መልሱ ግን ቅንጣት አይዛባም። 54 ሚሊዮን ለዛሬ ስልክ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

በ12 ወይም በ15 ሜት ሲሆን ግን ይሄም አይበቃም። እዚህ ላይ ነው ስቶክፊሽ መገመት የሚጀምረው። ሰው መድኃኒት ሲጠይቀኝ ሁሉንም መሳቢያ አልከፍትም፤ ይኖርበታል ወደምለው መደርደሪያ ነው የምሄደው። ስቶክፊሽም እንደዚያው ነው። ተስፋ ያላቸው የሚመስሉትን እርምጃዎች ከፊት ይደረድራል፤ ከኋላ የቀሩትን ጥልቀት ቀንሶ በጨረፍታ ያያቸዋል። ቁሳቁሱ፣ ማለትም የቀሩት ጠጠሮች ኃይል፣ በጣም ያነሰበትን መስመር ደግሞ "ይሄ አይነሳም" ብሎ ቶሎ ይቆርጠዋል።

ሌላም ብልሃት አለው። "ተራዬን ዝም ብዬ ባሳልፍ እንኳ የበላይነቴ የማይነካ ከሆነ ይሄን መስመር መቆፈር አያስፈልግም" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ችግሩ ቼዝ ላይ መንቀሳቀስ ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ መኖሩ ነው። ባልንቀሳቀስ ይሻለኝ ነበር የሚያሰኝ፣ ግን ግዴታ የሆነ ተራ። ብዙ የሚያምሩ ሜቶች የተሠሩት በዚህ ላይ ነው። ስቶክፊሽ ለዚህ ጥንቃቄ አለው፤ ወታደሮች ብቻ ለቀሩት ወገን ይህን ብልሃት አይጠቀምም። በሌላው ቦታ ግን ሊዘገይ ይችላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስቶክፊሽን የዓለም ቁንጮ ያደረገው ይህ መቁረጥ ነው። ረቂቅ ሜት እንዲያልፈው የሚያደርገውም ይኸው መቁረጥ ነው። በጨዋታ ላይ ብዙ አይጎዳም፤ ሜቱን ባያየው በሌላ መንገድ ያሸንፋል። እንቆቅልሽ ለሚፈታ ሰው ግን ሜቱ ነው ጉዳዩ።

እኔና ጋሼ በደንብ የፈተንነው በፕላስኬት እንቆቅልሽ ነው። የደረሰው የሆላንዱ ጊይስ ፋን ብረከለን ነው፣ በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ። እንግሊዛዊው ግራንድማስተር ጄምስ ፕላስኬት በ1987 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውድድር ላይ ለትልልቆቹ ተጫዋቾች አቀረበው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እዚያ ከነበሩት መካከል የፈታው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሚካኤል ታል ነው። ወጥቶ ፓርክ ውስጥ ሲንሸራሸር መጣለት ይባላል።

ሰሌዳ ላይ ደርድሩት፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል። ነጭ፦ ንጉሥ ዲ 6፣ ቢሾፕ ዲ 1፣ ፈረስ ጂ 4፣ ወታደሮች ዲ 7 እና ጂ 3። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤች 7፣ ፈረሶች ኤ 6 እና ጂ 5፣ ቢሾፕ ቢ 4፣ ወታደሮች ሲ 3፣ ሲ 5፣ ኢ 3 እና ኤች 6። ነጭ ይጀምራል።

ነጭ በፈረሱ ኤፍ 6 ላይ ቼክ ይላል፤ ንጉሡን ያጠቃል ማለት ነው። ንጉሡ ጂ 7። ፈረሱ ኤች 5 ላይ እንደገና ቼክ፤ ንጉሡ ጂ 6። ከዚያ ቢሾፑ ሲ 2 ላይ ቼክ ይላል፤ ፈረሱን የሚጠብቀው ራሱ ቢሾፑ ስለነበር ፈረሱ ተበላ። ነጭ ወታደሩን መጨረሻው ረድፍ፣ ዲ 8 ላይ አድርሶ ንግሥት ያደርገዋል። ጥቁር በፈረሱ ኤፍ 7 ላይ ንጉሡንና ንግሥቲቱን አንድ ላይ ይመታል። ንጉሡ ኢ 6 ይሄዳል፤ ፈረሱ ንግሥቲቱን ከነቼኩ ይበላል። አሁን ቁጠሩ። ነጭ የቀረው አንድ ቢሾፕና አንድ ወታደር ብቻ ነው። ጥቁር ሁለት ፈረስ፣ አንድ ቢሾፕ፣ አራት ወታደር አለው።

እዚህ ላይ ነጭ ንጉሡን በእርጋታ ኤፍ 5 ላይ ያስቀምጣል። በቃ። ቼክ የለም፣ የሚበላ ነገር የለም። ግን የጥቁርን ንጉሥ እዩት፤ ኤች 5 ላይ ታስሯል። ጂ 4ን፣ ጂ 5ን እና ጂ 6ን የነጭ ንጉሥ ይዟቸዋል፤ ኤች 4ን ወታደሩ፤ ኤች 6 ላይ የራሱ ወታደር ቆሟል። ቢሾፑ አንዲት ቼክ ካገኘ አለቀ። ዲ 1 ላይ ሊመጣ ሲል ጥቁር ወታደሩን ኢ 2 ይገፋል። ቢሾፑ ኢ 4 ሆኖ ኤፍ 3ን ሲያነጣጥር ጥቁር ወታደሩን ኢ 1 ላይ ፈረስ ያደርጋል። ንግሥት ቢያደርገው ኤፍ 3ን አትጠብቅለትም። ቢሾፑ በዲ 5 አድርጎ ሲ 4 ይመጣል፤ ጥቁር ሌላውን ወታደር ሲ 1 ላይ አሁንም ፈረስ ያደርጋል። ቢሾፑ ቢ 5፣ ከዚያ ኤ 4። አራት ፈረስ እየዘለለ አንድ ቢሾፕን ማቆም ያቅተዋል። በመጨረሻ ይወድቃል።

ጋሼ ይህን ሲያዩ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሰው ነው የሠራው?" አሉኝ።

ስልኩስ? መጀመሪያ ላይ ለነጭ የሚበጅ ነገር አልታየውም። አያስደንቅም። መስመሩ ፈረስ ያስበላል፣ ንግሥት ያስበላል፣ ከዚያ ቼክ የሌለበት የንጉሥ እርምጃ ይመጣል። በእሱ አደራደር መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው እንዲህ ያለው ነው። ስልኩ ጋለ፣ ቁጥሩ ግን አልነቃነቅ አለ። ከዚያ እርምጃዎቹን ራሴ ሄጄለት ንጉሡን ኤፍ 5 ላይ ሳስቀምጠው ሜቱን ለማወቅ ብዙም አልቆየ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው የዚህ አፕ ምርጡ አጠቃቀም። አንድ በአንድ ወደኋላ ተመለሱ። ስቶክፊሽ ያያቸውን ፖዚሽኖች ሜሞሪ ላይ ይይዛል፤ ሃሽ ይሉታል። ሩቅ ሄዶ ያገኘውን ሲመለስም አይረሳውም። አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ትንሽ መጠበቅ፣ እንደገና አንድ ወደኋላ። እንዲህ እያለ መነሻው ላይ ሲደርስ ቅድም ያላየውን ያያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሃሽ የሚለውን ስልካችሁ እስከፈቀደ ከፍ አድርጉት። ለዚህ ዓይነት ሥራ ከምንም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሁለተኛው የምወደው ነገር የሚያሳየውን የመስመር ብዛት መጨመር መቻሉ ነው። በአንድ ፈንታ ሦስት ወይም አራት እርምጃ አወዳድር ስትሉት፣ ከኋላ የተደረደሩትንም በደንብ እንዲያይ ትገፉታላችሁ። ይዘገያል፣ ግን ዓይኑ ይሰፋል። ለጨዋታ ትንተና አንድ መስመር በቂ ነው። ለሜት እንቆቅልሽ ግን እኔ በአንድ መስመር አልጀምርም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ። "ሜት በ14" ሲል በ14 ወይም ከዚያ ባነሰ የሚያልቅ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ያጠረው እሱ ነው ማለት አይደለም። ትንሽ ስትቆዩ 12 ይሆናል፣ ከዚያ 11። እዚህ ላይ ስልኩን መዝጋት የለም። ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁ፤ ካቆመ በኋላም ያጠረው መሆኑ አልተረጋገጠም። ኮምፒውተር ላይ ስቶክፊሽን "በ10 ሜት ፈልግ" ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ብዙ ሰው ይህ ትእዛዝ ሁሉንም የሚያስፈትሸው ይመስለዋል። ትእዛዙ የሚለው ግን "ስታገኝ አቁም" ነው። አቆራረጡ ያው ነው።

እርግጠኛ መልስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ዕቃ ያስፈልገዋል። ሃይነር ማርክሰን የሠራው ቼስት የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱ አይገምትም፤ ሁሉንም ይፈትሻል። በ5 ሜት የለም ካለ የለም። ርቀቱ ሲጨምር ግን ዝግመቱ አይጣል ነው። ከስቶክፊሽ የወጡ፣ አቆራረጡ ለሜት ፍለጋ የተለወጠላቸውም አሉ፤ ሀንትስማን አንዱ ነው። በጨዋታ ከእናቱ ያንሳል፣ ሜት ፍለጋ ላይ ግን ይበልጣል። ላፕቶፕ ያለውና እንቆቅልሽ የሚወድ ሰው እሱን ቢሞክር አይቆጭም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሆላንዳዊው ተመራማሪ ቪክቶር አሊስና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት የፍለጋ ዘዴ ነው። ንጉሡ ደህና ነው አይደለም፣ ቁሳቁስ በለጠ አነሰ፣ ምኑንም አይመዝንም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ሜት መሆኑን ለማረጋገጥ ስንት ነገር ይቀረኛል? ጥቂት በሚቀርበት በኩል ይቆፍራል። ተቃዋሚው አንድ ወይም ሁለት መልስ ብቻ ያለው መስመር ይስበዋል። ስለዚህ በቼክ ላይ ቼክ የሚሄድ ረጅም መስመር ውስጥ ሌሎቹ የማይደርሱበት ድረስ ይወርዳል። ያጠረውን መንገድ አገኛለሁ ብሎ ግን ቃል አይገባም። ጋሼ ሲያስቡ የማየው ይህንን ነው። "ስንት መሄጃ አለው?" ነው ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

በነገራችን ላይ ሰንጠረዥ በሚባለው የአገራችን የድሮ ቼዝ ሜት ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር። በፈረስ ወይም በሩክ የመጣ ሜት ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካማው ጠጠር የመጣ ነው የሚወራለት። ስቶክፊሽ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ለእሱ በ9 የሚያልቀው በ10 ከሚያልቀው ይበልጣል፣ አለቀ። ባለ 10ው ምንም ያህል ቢያምር አይመርጠውም። ይህ ጉድለቱ ነው አልልም። ግን እንቆቅልሽ ስትፈቱ መጀመሪያ ያሳያችሁን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ የሚያምረው ሁለተኛው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰሌዳው ላይ ጥቂት ጠጠር ሲቀር ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ፍለጋም ግምትም የለም፤ መልሱ አስቀድሞ ተሠርቷል። ከሜቱ ተነስተው ወደኋላ እየቆጠሩ፣ እያንዳንዱን ፖዚሽን አስልተው ፋይል ያደረጉት አለ። በብዛት የሚሠራበት ሮናልድ ደ ማን የሠራው ሲዚጂ ነው። እስከ 5 ጠጠር ያለው 1 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ስልክ ላይ ይገባል፣ ድሮይድፊሽም ያነበዋል። ባለ 7ቱ ከ16 ቴራባይት ይበልጣል። እሱን ሊቸስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ኮኔክሽን ካለ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። ሲዚጂ የሚነግራችሁ ማን እንደሚያሸንፍና ቀጣዩ መብላት ወይም የወታደር እርምጃ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው፤ ለሜት ስንት እንደቀረ አይደለም። ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሎሞኖሶቭ ሱፐርኮምፒውተር የተሠራው ግን ሜቱን ይቆጥራል። እዚያ የተገኘው ረጅሙ የ7 ጠጠር ሜት 549 እርምጃ ነው። ሁለቱም ወገን አንዲት ሳይሳሳቱ።

እኔ ለጋሼ የጫንኩት ባለ 5ቱን ነው። ቢሾፕና ፈረስ ይዞ ብቻውን የቀረ ንጉሥን መግደል ይወዳሉ። በትክክል ከተሄደ ቢበዛ በ33 እርምጃ ያልቃል፤ ግን የ50 እርምጃ ሕግ ስላለ (50 እርምጃ ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ ካለፈ አቻ ነው) የሚያባክኑት ብዙ የላቸውም። ስልኩ እየተከላከለ፣ እሳቸው እየነዱት፣ ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ ሰሌዳውን እንዳለ ትተን፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

የማልወድለት? መልኩ አያምርም። ሜኑው ላይ የተደረደረው ብዙ ነው፤ ለጀማሪ ያደናግራል። መጀመሪያ ላይ የሚያሳይ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ረጅም ፍለጋ ስልክ ያግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፤ ይህ የማንኛውም ኢንጂን ባሕርይ ነው። የስልኩን ኮር (የማስሊያ ክፍል) ሁሉንም አትስጡት፣ አንድ ሁለት አስቀሩ። ከሽፋኑ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ይሻላል።

የማይሆንለት ነገርም አለ። ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ፣ ትራንስፎርመርን ከሠሩት ሦስት መሐንዲሶች አንዱ፣ ትርፍ ጊዜውን በረጃጅም የሜት እንቆቅልሾች ነበር የሚያሳልፈው። በ290 እርምጃ የሚያልቅ አለው። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ አንድ ዙር ደጋግሞ መሄድ ናቸው። ተራ ለማስተላለፍ ረጅም ዙር፣ ከዚያ የተቃዋሚው ወታደር አንዲት እርምጃ ይገደዳል፣ ከዚያ እንደገና ዙሩ። ሰው ዙሩን አንዴ ከገባው የቀረውን ያባዛል። ስቶክፊሽ ግን ዙር መሆኑን አያውቅም፤ እያንዳንዷን እርምጃ እንደ አዲስ ይቆጥራል። ይህን ለስልኬ አልሰጠውም። ጋሼ ወረቀት ላይ ገልብጪልኝ ብለውኛል።